«አልቋል፣ ቁልፉን ተረከቢ» ለተባለችው የሳቢያን እህታችን

የደረሰን ደብዳቤ ይሄ ነው፦

«ሰላም ለዓምዱ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን በንግድ ያጠራቀመውን ገንዘብ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ላይ አፈሰሰው። ቤዝመንት አለው። ምድሩ ሱቆች ናቸው፣ አንደኛ ፎቅ ባንክ ሊገባ ነው (ውሉ ገና አልተፈረመም)፣ ከሱ በላይ ቢሮዎች፣ ጣሪያው ላይ ካፌ። አባቴን ስላመመው ጉዳዩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሙያዬ ፋርማሲ ነው፣ ስለ ግንባታ የማውቀው ነገር የለም። ኮንትራክተሩ ‹አልቋል፣ መስከረም ላይ ቁልፉን ተረከቢና ፈርሚልኝ፣ ሠራተኞቼን ወደ ጅግጅጋ ላዛውር› ይላል። ተከራዮቹ ሁሉም በአንድ ሳምንት እንግባ ይላሉ። አባቴ ዕዳ ስላለበት ኪራዩ ቶሎ ይጀመርልኝ ይላል። ‹ልጄ፣ አትቸኩዪ› የሚሉኝ ዘበኛችን ብቻ ናቸው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ዘበኛችሁን ስሚያቸው።

ኮንትራክተሩ ዋሽቷል አልልም። ለሱ አልቋል። ግድግዳው ቆሟል፣ ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ የቀረው ክፍያው ነው። ላንቺ ግን ሥራው ገና ሊጀመር ነው። ባዶ ሕንፃ ጉዱን አያወጣም። ሽንት ቤቱን ማንም አልተጠቀመበትም፣ ኤሲውን ማንም አልከፈተውም፣ ሊፍቱም ገና ተከራይ አላመላለሰም። ችግር ሁሉ ብቅ የሚለው ሰው ሲገባ ነው። አሁን በያዛችሁት ዕቅድ ደግሞ ሰው በገባበት ሳምንት ኮንትራክተሩ ጅግጅጋ ነው፣ ኤሌክትሪሻኑ ሌላ ሳይት ገብቷል፣ የሳኒተሪው ልጅ ስልኩን ዘግቷል፣ አንቺ ፋርማሲሽ ውስጥ ደንበኛ ፊት ቆመሽ ተከራይ ሁሉ ባንዴ ይደውልልሻል።

ምክሬ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ የሚወጣ ዝርዝር ነው። ርክክቡን የአንድ ቀን ፊርማ አታድርጊው። ከዛሬ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ክረምት የሚዘልቅ ሥራ አድርጊውና ኮንትራክተሩን እዚያ ውስጥ አቆዪው።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ አገርም አዲስ ሕንፃ ተመርቆ ተጠቃሚው ገና ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይለይ የሠሩት ሰዎች እየተበተኑ አስመርሯቸው ነበር። ማርክ ዌይ የተባለ አርክቴክት ያነሳው ሐሳብ አድጎ፣ በፈረንጆች 2009 ቢኤስአርአይኤ የተባለው የሕንፃ አገልግሎቶች የምርምር ተቋም «ሶፍት ላንዲንግስ» ብሎ መመሪያ አወጣለት። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶቹ ላይ እንዲሠራበት አደረገ። ነገሩ ቀላል ነው። ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከዲዛይኑ ጀምሮ ይጠየቃሉ። ከርክክቡ በፊት ሁሉም ነገር ይፈተሻል። ሰው ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሠሪዎቹ ወገን ሰው እዚያው ሕንፃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላም እስከ 3 ዓመት ድረስ እየመጡ ያያሉ። ያንቺ የዲዛይኑ ወቅት አልፏል። የቀረው ግን በሙሉ እጅሽ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውልሽን አውጪና አንብቢው። ኮንትራክተሩ ፈርሚልኝ የሚልሽ ጊዜያዊ ርክክብ ነው ወይስ የመጨረሻ? ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። በጊዜያዊ ርክክብ ሕንፃውን ትረከቢያለሽ፣ ጉድለቱ በዝርዝር ይጻፋል፣ የዋስትናው ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። የመጨረሻው የሚፈረመው ያ ጊዜ ሲያልቅና ጉድለቱ ሲታረም ነው። በብዙ ውሎች ላይ ከየክፍያው 5 በመቶ ገደማ ሪቴንሽን ተብሎ ይያዛል፣ ግማሹ በጊዜያዊው ርክክብ ይለቀቃል፣ ግማሹ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ያንቺ ውል ስንት እንደሚል እዪ። ቀሪዋን ግማሽ «እንተማመናለን እኮ፣ ዘመድ ነን» እያለ ቢለምንሽም እንዳትለቂ። ኮንትራክተርን ከጅግጅጋ የምትመልሰው ያቺ ገንዘብ ናት፣ ዝምድናው አይደለም።

የዋስትናው ጊዜ 6 ወር ነው የሚል ከሆነ ተከራከሪ። ለምን መሰለሽ? ከመስከረም 6 ወር ብትቆጥሪ መጋቢት ላይ ያልቃል። የድሬ ሙቀት የሚብሰው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ነው። ኤሲው ሁሉ ባንዴ ሲሠራ ብሬከሩ የሚወድቀው፣ የአሉሚኒየሙ ማሸጊያ የሚላቀቀው፣ ልስኑ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ይመጣል። ሕንፃሽ አንድ ሙቀትና አንድ ክረምት ሳያይ ኮንትራክተሩን ማሰናበት አያዋጣሽም። ስለዚህ 12 ወር ይሁን።

ትልልቁ ጉዳት ላይ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሥራው በደንብ መሠራትና ለግንባታው ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፣ ይሄን ዘመን የሚያሳጥር ውል ብትፈራረሙም ዋጋ የለውም። ግን በዚህ ተማምነሽ ለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፍርድ ቤት አትሄጂም። ቧንቧውን የምታሠሪው በሪቴንሽኑ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። አደራ፣ «ሁሉም ይሠራል» የሚል ቃል አትቀበዪ። ሲሠራ አሳዩኝ በዪ። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱን ይዘሽ፣ የኮንትራክተሩን ፎርማን ይዘሽ፣ ነገ ሕንፃውን የሚጠብቀውን ሰው ይዘሽ ከጣሪያ እስከ ቤዝመንት ውረዱ። ጉድለቱን ባለበት ፎቶ አንሺ፣ ዝርዝሩን በቃለ ጉባኤ ጻፉ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ እያንዳንዱ ጉድለት አጠገብ መቼ እንደሚታረም ቀኑ ይቀመጥ።

ውሃ ላይ አትሳሺ። ገና ነሐሴ ላይ ስለሆንሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ዝናቡ በነፃ ይፈትሽልሻል። ጥሩ ዝናብ በጣለ ማግስት ጣሪያው ላይ ውጪና ውሃ የተኛበትን ቦታ እዪ። ዝናቡ ካልጣለ የጣሪያውን መውረጃዎች አስደፍነሽ ውሃ አስሞዪበትና አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይደር፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን የቢሮ ኮርኒስ እዪ። ካፌ ከመጣ በኋላ እንዲህ ያለ ፍተሻ የለም፤ ወንበሩን ማን ያነሳልሻል? ሽንት ቤቶቹ ውስጥ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ድፊ። ውሃው ወደ ወለሉ መውረጃ (ፍሎር ድሬን) ከሄደ ደህና፣ ወደ በሩ ከመጣብሽ ሴራሚኩ ተነቅሎ እንደገና ይሠራል፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ፎርማኑ «ትንሽ ነው፣ በመጥረጊያ ይገፋል» ይልሻል። በመጥረጊያ የሚገፋው እሱ አይደለም፣ የባንኩ የፅዳት ሠራተኛ ናት፣ በየቀኑ፣ ለ20 ዓመት።

ቧንቧዎቹን ሁሉ ባንዴ አስከፍቺ። መጀመሪያ የሚመጣው አሸዋና የሲሚንቶ ዝቃጭ ነው፣ እሱ ሳይታጠብ ተከራይ ከገባ የቧንቧው ራስ ሁሉ ይደፈናል። የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቂዋለሽ። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዪው፣ ያ ነጭ ቅርፊት በውሃ ማሞቂያውም፣ በፓምፑም፣ በካፌው የቡና ማሽንም ላይ ይጋገራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ መዝጊያ ቫልቭ እንዳለው አረጋግጪ። አንድ ማሞቂያ ለማፅዳት የመላውን ሕንፃ ውሃ መዝጋት ካለብሽ አለቀልሽ። ሮቶዎቹ ሞልተው ካደሩ በኋላ ከሥራቸው ያለውን ወለል እዪ፣ ርጥበት ካለ ይነገር።

ቤዝመንቱ ለብቻው ይታይ። የ1998ቱን ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይሄን ሲያስረዱት አይወድም፣ ያውቀዋልና። ጥያቄሽ ሁለት ይሁን፦ ውሃ ቢገባ የሚስበው ፓምፕ በራሱ ይነሳል ወይ፣ መብራት ሲጠፋስ ጀነሬተሩ እሱን ያንቀሳቅሰዋል ወይ? ጎርፍና የመብራት መጥፋት አብረው ነው የሚመጡት። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አስደፊና ፓምፑ ሲነሳ በዓይንሽ እዪ።

መብራቱን ቀን 8 ሰዓት ላይ ፈትኚ። ከተማው ሁሉ በር ዘግቶ ያረፈበትን ሰዓት የመረጥኩልሽ ለጭካኔ አይደለም፣ ሙቀቱ ስለሚያግዝሽ ነው። ኤሲውን ሁሉ ክፈቱ፣ አምፖሉን ሁሉ አብሩ፣ ፓምፑን አስነሱ፣ ሊፍቱን አመላልሱ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ ይቆይ። ኤሌክትሪሻኑ ጭነቱ በሦስቱ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመሮች) ላይ እኩል መከፋፈሉን ይለካልሽ። ብሬከሮቹ የትኛው የየት እንደሆነ ላያቸው ላይ ይጻፍባቸው። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አጥፉና ጀነሬተሩ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ይነሳ። ባዶውን እያንኳኳ ሲሠራ ማየት ምንም አይነግርሽም፣ ጀነሬተር ባዶውን ሁሌም ጎበዝ ነው።

ሊፍቱ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሴራሚኩን በምን ነበር የሚያወጡት? በሊፍቱ ከሆነ አስመጪው መጥቶ ይፈትሸውና ዋስትናው ከፍተሻው ቀን እንዲጀምር በጽሑፍ ይስጥሽ። ደግሞ ሰው ውስጡ ቢቀርበት በሩን በእጅ እንዴት እንደሚከፍቱት ቢያንስ ሁለት ሰው ይሠልጥን። ሠልጣኞቹ የምድር ሱቅ ባለቤቶች ቢሆኑም ግድ የለም፣ ሁሌ እዚያው ስለሆኑ እንዲያውም ይሻላሉ።

ቁልፍ ተረከቢ የተባልሽው ነገር ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ይሄን ስንቴ አይቻለሁ። አንድ ጥቁር ፌስታል ነው። ውስጡ የሁሉም በር ቁልፍ፣ ሦስት ሦስቱ በሽቦ ታስሮ፣ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም፣ ከመሃል የማይታወቅ የጓጉንቸር ቁልፍ፣ የሊፍቱ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ትንሿ ቁልፍ፣ ትንሽ የደረቀ ጂፕሰም። ይሄን አትቀበዪ። ፎርማኑ እያንዳንዱን በር ካንቺ ሰው ጋር እየከፈተ፣ ቁልፉ ላይ ፕላስተር እየተለጠፈ የፎቁና የክፍሉ ቁጥር ይጻፍበት። ግማሽ ቀን ይፈጃል። የዚያኑ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንሺና ቃለ ጉባኤው ውስጥ አስገቢው፣ አለዚያ የኮንትራክተሩን የግንባታ ውሃ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ከቁልፉ እኩል ሥዕሉ ያስፈልግሻል። ማለቴ የፀደቀውን ፕላን አይደለም፣ በትክክል እንደተሠራው ሆኖ የተስተካከለውን፣ አዝቢልት የሚሉትን ነው። ቧንቧው በዲዛይኑ በግራ በኩል ነበር፣ ሳይት ላይ ግን አንድ ቀን ኮለን (ምሰሶ) መንገድ ዘግቶበት በቀኝ ዞረ፣ ማንም አልጻፈውም። ሱቅ የተከራየችው ልጅ መደርደሪያ ልትሰቅል ድሪል ታስመጣለች፣ ግድግዳው ይበሳል፣ ውሃው ፊቷ ላይ ይፈነዳል፣ ጨርቋ ይበሰብሳል። ከዚያ ጥፋቱ የማን ነው? ያንቺ ነው የሚባለው። አዝቢልቱ ከሌለ ቢያንስ ዘበኛችሁና የሳኒተሪው ልጅ ግድግዳ ግድግዳውን እየዞሩ ቧንቧና ሽቦ የሚያልፍበትን ያሳዩሽ፣ አንቺ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪው።

ዘበኛውን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ከመሠረቱ ቁፋሮ ጀምሮ እዚያ ካደሩ ሕንፃውን ከመሐንዲሱ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የትኛው ቧንቧ ሁለቴ እንደተሰበረ፣ ሴፕቲክ ታንኩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የትኛው ስላብ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ዝናብ ሲጥል እንደተሞላ ያውቃሉ። አብዛኛው ባለሕንፃ ሪባን ሲቆረጥ የግንባታውን ዘበኛ ያሰናብትና ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ያስገባል። ወጣቱንም አስገቢ፣ ግን እሳቸውን አትልቀቂ። ደሞዝ ጨምሪላቸው።

የመጠቀሚያ ፈቃዱን ነገር ባጭሩ። በሕንፃ አዋጁ መሠረት እንዳንቺ ያለው ሕንፃ አገልግሎት ከመስጠቱ በፊት ከከተማው የሕንፃ ሹም የመጠቀሚያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ማመልከቻውን አሁኑኑ አስገቢ፣ መስከረምን አትጠብቂ። የእሳት ማጥፊያውና የአደጋ ጊዜ ደረጃው የሚታየውም በዚሁ አጋጣሚ ነው። ደረጃውን ተከራዮች የካርቶን መጋዘን እንዳያደርጉት ከመጀመሪያው ቀን ተቆጪ፣ ኋላ ልማድ ይሆናል።

ተከራዮቹ ሁሉም በአንድ ሳምንት አይገቡም። አቦ፣ ይሄንን በፍፁም እሺ እንዳትዪ! ስድስት የተለያየ አናፂ፣ ስድስት የተለያየ ኤሌክትሪሻን በአንድ ሊፍትና በአንድ ደረጃ ሲጋፋ የተሰበረውን ሴራሚክ ማን እንደሰበረው አይታወቅም፣ ኮንትራክተሩም «እኔ ደህና አድርጌ ነው ያስረከብኩት» ብሎ ይገላገላል። መጀመሪያ የምድር ሱቆቹ ይግቡ። እነሱ ቀላል ናቸው፣ ስህተቱም ሳይከብድ ይታያል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቢሮዎቹ፣ ከዚያ ባንኩ፣ ካፌው የመጨረሻ። ካፌ ውሃ፣ ጋዝ፣ ቅባት፣ ጭስ ሁሉንም ያመጣል፣ ቅባት ማጥለያው ሳይሠራ ካስገባሻቸው ቆሻሻ መስመርሽ በጥቂት ወራት ይደፈናል። እያንዳንዱ ከመግባቱ በፊት ቦታውን አብራችሁ እዩና ያለበትን ሁኔታ ፈርሙ። ግድግዳ መብሳትና ታፔላ መስቀል ያለ ፈቃድሽ እንዳይሆን ውሉ ላይ ይኑር።

አባትሽን የምትመልሺላቸውም በዚሁ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ኪራይ ነው፣ ልክም ናቸው፣ ዕዳ ያለበት ሰው በባዶ ሕንፃ ደስ አይለውም። የምድር ሱቆቹ ቀድመው ሲገቡ ገንዘቡ መግባት ይጀምራል። ለተከራዮቹ ደግሞ ውሉ ላይ ሁለት ቀን ጻፊ፦ ቁልፍ የሚያገኙበትና ኪራይ የሚጀምርበት። በመሃሉ ያለችው ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር ለማስተካከያቸው በነፃ ትሁን። ካለዚያ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ኤሲው አልሠራም ብለው ኪራይ ይይዛሉ፣ ሌላው ያንን ሰምቶ ይይዛል፣ አባትሽ ሁለት ወር ኪራይ ሳያዩ ንትርክ ላይ ይቀመጣሉ። ወላሂ፣ አንድ ወር በነፃ መስጠት ከዚያ ይረክሳል።

ኮንትራክተሩን ምን በዪው? ሰውዬውን ጠላት አታድርጊው፣ ጅግጅጋ ይሂድ፣ ሥራ ነው። ግን ፎርማኑ ካልሆነም አንድ ኤሌክትሪሻንና አንድ የሳኒተሪ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት እዚያው ሕንፃ ላይ ይዋሉ። ከሱ ጋር አበሉን ብትካፈዪም አይከፋሽ፣ እኔ ብሆን እከፍላለሁ። ዘበኛው ጋ አንድ ደብተር ይቀመጥ፣ ተከራይ ችግር ሲያይ እዚያ ይጻፍ እንጂ ላንቺ አይደወል። በሳምንት አንድ ቀን ደብተሩን ይዛችሁ ዙሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ይሂዱ። ግንቦት አጋማሽ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ አንዴ ተመልሰው እንዲያዩ ከአሁኑ ቀኑን በጽሑፍ ያዢ፣ ቀሪው ሪቴንሽን የሚለቀቀው ከነሐሴው ዙር በኋላ ይሁን። የንዑስ ተቋራጮቹን፣ የሊፍቱን አስመጪ፣ የጀነሬተሩን መካኒክ ስልክ ከኮንትራክተሩ ተቀበዪ፣ እያንዳንዱን ደውለሽ ሞክሪው።

አንድ ነገር ግን መስከረምን አይጠብቅም። ባንኩ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው ብለሻል። ባንክ ካዝና ያመጣል። የቢሮ ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ገደማ ይሸከማል ተብሎ ነው፣ ካዝና ደግሞ በጠባብ ቦታ ላይ ከቶን በላይ ሊያሳርፍ ይችላል። ሰዎቹ ከኮንትራቱ በኋላ «ካዝናው እዚህ ጥግ ይሁን» ብለው ክሬን ሲያቆሙ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። ዛሬውኑ ደውዪና ካዝናው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ኤሲያቸውና ሰርቨራቸው ስንት ኪሎዋት እንደሚወስድ በጽሑፍ ይላኩልሽ። ወረቀቱን የሕንፃውን ጥንካሬ ላሰላው ስትራክቸራል መሐንዲስ ስጪው። እሱ ፈርሞ መልስ እስኪሰጥሽ የባንኩን ውል አትፈርሚ።